የሮክ ሙዚቃን ያሳደጉ እናቶች፣ አክስቶችና አያቶች

በ1953 መጨረሻ ገደማ አንድ የ13 ዓመት ልጅ እንግሊዝ አገር፣ ከሊቨርፑል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ተኛ። ሕመሙ ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ልጁ ለሆስፒታል አልጋ እንግዳ አልነበረም፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆድ ዕቃው ስለተመረዘ ዓመት ያህል ተኝቶ ወጥቷል። አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት ሊቆይ ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ሕፃናቱ እንዳይሰለቹ ብለው ትንሽ የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙላቸው። ልጁም ከክር ማጠንጠኛ እንጨት የተሠራች መምቻ ይዞ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ኮመዲኖ እየመታ ምት መያዝ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሌላ መሣሪያ አላማረውም። ስሙ ሪቻርድ ስታርኪ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ዓለም ሪንጎ ስታር፣ የቢትልስ ድራም መቺ ብሎ አወቀው።

ሳንባ ነቀርሳ ክፍል ውስጥ የሠራ የጤና ባለሙያ ይህን ሲሰማ ነገሩ ይገባዋል። መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል፤ ወራት የሚፈጀውን የአልጋ ላይ መሰልቸት ግን መርፌም ኪኒንም አይነካውም። ለታመመ ልጅ የሚይዘው ነገር መስጠት የሕክምናው ግማሽ ነው።

ስለ 1960ዎቹ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሮክ ሙዚቃ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ፀጉራቸውን ስላስረዘሙና ለወላጅ አልታዘዝ ስላሉ ወጣቶች ነው። ውሸት አይደለም። ሆኖም ታሪኩን ከመድረኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከየቤታቸው ሳሎን በኩል ላየው ሰው፣ ከእያንዳንዱ ጊታር ጀርባ አንዲት እናት፣ አንዲት አክስት ወይም አንድ አያት ቆመው ያገኛል። እኛ ወላጆችና አያቶች ልናውቀው የሚገባን ይህኛው በኩል ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አያት ያሳደጉት ብሉዝ

ሮክ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ ነው። ሥሩ የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝና የቤተ ክርስቲያናቸው ጎስፔል ሲሆን፣ የደቡብ ነጮች የገጠር ዘፈንም ተቀላቅሎበታል። ከብሉዙ አባቶች አንዱ መዲ ዋተርስ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች ሚሲሲፒ ውስጥ በአንድ የጥጥ እርሻ ላይ ያሳደጉት አያቱ ዴላ ግራንት ናቸው። ጭቃ ውስጥ መጫወት ስለሚወድ “ጭቃው” የሚል ትርጉም ያለውን ቅጽል ስም ያወጡለትም እርሳቸው ናቸው። በ1943 ሥራ ፍለጋ ወደ ቺካጎ ሄደ። በከተማው ጫጫታ የበዛባቸው መጠጥ ቤቶች ውስጥ ተራ ጊታር ስለማይሰማ የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። የሮክ ድምፅ መነሻው ይህ ነው።

በ1955 ቸክ ቤሪ የሚባል ወጣት በእርሱ ምክር ቺካጎ ወደሚገኘው ቼስ የሸክላ አሳታሚ ሄዶ ተቀረጸ። በዚያው ሰሞን ሊትል ሪቻርድና ኤልቪስ ፕሪስሊ አገሩን አናወጡት። ግን አልቆየም። በ1957 ሊትል ሪቻርድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ፤ በ1958 ኤልቪስ ለውትድርና ተጠራ፤ በ1959 ወጣቱ በዲ ሆሊ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ብዙ ወላጆች “ተመስገን፣ አለፈ” ሳይሉ አልቀሩም።

በዚያው በ1959 መጀመሪያ ላይ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ቤሪ ጎርዲ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ድርጅት ለመክፈት ገንዘብ ፈለገ። ቤተሰቡ እንደ እኛ ዕቁብ ያለ የጋራ ቁጠባ ነበረው። እዚያ 800 ዶላር ተበደረ። ከዚያ ብድር የተወለደው ሞታውን ነው። የድርጅቱን ዘፈኖች ከባሕር ማዶ ሆነው በጉጉት ሲያዳምጡ ከነበሩት መካከል የሊቨርፑል ልጆች ይገኙበታል።

እናት የሌላቸው ሁለት ልጆች

እንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደኽይታ ነው የወጣችው። ምግብ በራሽን መታደሉ የቆመው በ1954 ነው። ነገር ግን ከ1948 ጀምሮ ሕክምና በነፃ ሆኖ ነበር፤ ሪንጎን የመሰለ የድኻ ልጅ ከሳንባ ነቀርሳ የዳነው በዚያ ዘመን ነው። ሌላም ዕድል ገጠማቸው። የግዴታ ውትድርና ጥሪ በ1960 ማብቂያ ላይ ቀረ። ታላላቆቻቸው ጠመንጃ በያዙበት ዕድሜ እነርሱ ጊታር ያዙ።

ጆን ሌነን ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው በአክስቱ በሚሚ ስሚዝ ቤት ነው። ሚሚ ሥርዓት የሚወዱ ሴት ነበሩ። ጊታሩ ሲረብሻቸው ወደ መግቢያው በረንዳ ያስወጡት ነበር፤ በጊታር እንጀራ እንደማይበላም ነግረውታል። እናቱ ጁሊያ ሌላ ቤት ቢኖሩም ባንጆ መጫወት ያውቁ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን የጣት አያያዞች ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። በሐምሌ 1958፣ ጆን 17 ዓመቱ ሳለ፣ ጁሊያ ከሚሚ ቤት ወጥተው መንገድ ሲሻገሩ መኪና ገጭቷቸው ሞቱ።

ፖል ማካርትኒም ያው ነው። እናቱ ሜሪ ነርስና አዋላጅ ነበሩ። በ1956 በጡት ካንሰር ምክንያት ሲያርፉ ልጃቸው 14 ዓመቱ ነበር። አባቱ ጂም የጥጥ ነጋዴ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ በወጣትነታቸው የጃዝ ቡድን ነበራቸው። ለፖል ጥሩምባ ገዙለት፤ ልጁ ጥሩምባ እየነፉ መዝፈን እንደማይቻል ሲያውቅ አስፈቅዶ በጊታር ለወጠው። ግራኝ ስለነበር ክሮቹን ገልብጦ አሰራቸው።

ሁለቱ ልጆች የተገናኙት በሐምሌ 6 ቀን 1957 በአንድ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ ነው። ጆን እናቱን ካጣ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሳያወሩ የሚግባቡ ሆኑ። ከሁለቱ በላይ አብሮ ዘፈን የደረሰ ጥምረት በዚያ ዘመን ብዙም አልታየም። ኀዘን የደረሰበት ልጅ ዝም ሲል “ረሳው” የምንል ሰዎች ይህን እናስታውስ፤ ልጅ ኀዘኑን የሚያወጣበትን መንገድ ራሱ ይፈልጋል።

ከሃምቡርግ እስከ ኒውዮርክ

በነሐሴ 1960 ቡድኑ ጀርመን አገር ሃምቡርግ ሄደ። በየሌሊቱ ለብዙ ሰዓታት መጫወት ነበረባቸው። እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ለክብደት መቀነሻ የተሠራ አነቃቂ ኪኒን መዋጥ የጀመሩት እዚያ ነው። ጊታር መቺው ጆርጅ ሃሪሰን 17 ዓመቱ ስለነበር ለአካለ መጠን አልደረሰም ተብሎ ኅዳር ላይ ወደ አገሩ ተባረረ። ይሁን እንጂ የሃምቡርግ ሌሊቶች ከጀማሪ ቡድን ባለሙያ አወጡ።

በ1961 መጨረሻ የቤተሰቡን ሸክላ ቤት የሚያስተዳድረው ብራያን ኤፕስታይን አያቸውና ሥራ አስኪያጃቸው ሆነ። ዴካ የተባለው ትልቅ አሳታሚ በ1962 አልቀበልም አላቸው። የኢ.ኤም.አይ. ባልደረባ የሆነው ጆርጅ ማርቲን ግን ተቀበላቸው፤ ሪንጎም በዚያው ዓመት ተጨመረ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጥቅምት 5 ቀን 1962 ወጣ።

የካቲት 9 ቀን 1964 በኒውዮርክ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ። 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አያቸው። አሜሪካ ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ከቀበረች ሦስት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላ አራት ሳቂታ ወጣቶች መምጣታቸው ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ሆነ። በሚያዝያ መጀመሪያ የአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ቦታ በሙሉ ያዙ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ በጃክሰንቪል ከተማ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚቀመጥበት ስታዲየም አንጫወትም አሉ፤ ተመልካቹም ሳይለያይ ተቀመጠ። ፀጉራቸውን ብቻ ሲያይ ለነበረ ወላጅ ይህ ሊያስገርመው ይችላል።

ከኋላቸው ሌሎች የእንግሊዝ ቡድኖች ተከተሉ፤ ሮሊንግ ስቶንስ፣ አኒማልስ፣ ኪንክስ፣ ዘ ሁ። ሮሊንግ ስቶንስ ስማቸውን የወሰዱት ከመዲ ዋተርስ ዘፈን ነው። በ1964 ቺካጎ ሄደው በዚያው በቼስ ስቱዲዮ ተቀረጹ። በ1965 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጋብዛቸው አንጋፋውን የብሉዝ ሰው ሃውሊን ዎልፍን አብሮ እንዲያቀርብ ጠየቁ። ሰውየው ሲዘፍን እነርሱ እግሩ ሥር ቁጭ ብለው አዳመጡ። ብዙ ነጭ አሜሪካውያን ወጣቶች የገዛ አገራቸውን ሙዚቃ ያወቁት በእንግሊዞች በኩል ነው።

የተደበቀች እናትና የበዛ አባት

ኤሪክ ክላፕተን በ1945 ሲወለድ እናቱ ፓትሪሺያ 16 ዓመቷ ነበር። አባቱ ለጦርነት የመጣ ካናዳዊ ወታደር ሲሆን ልጁን አላሳደገውም። አያቱ ሮዝና ባለቤታቸው ጃክ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ እናቱን ግን እህቱ እንደሆነች አድርገው ነገሩት። እውነቱን ያወቀው ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። እናቱ ከውጭ ለጉብኝት ስትመጣ “እማዬ” ብሎ ሊጠራት ይችል እንደሆነ ጠየቃት። እርሷም አያቶቹን እናትና አባት ማለቱን ቢቀጥል እንደሚሻል መለሰችለት። ክላፕተን ያ መልስ ምን ያህል እንደጎዳው በኋላ በሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፏል። አያቶቹ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ጊታር የገዙለትም እነርሱ ናቸው።

የልጅን ልጅ እንደ ልጅ ማሳደግ በእኛም ቤት ያለ ነው። ብዙ ጊዜም በፍቅር የሚደረግ ነው። ልጁን የሚጎዳው በአያት እጅ ማደጉ አይደለም። የሚጎዳው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር እርሱ ብቻ ሳያውቅ መኖሩ፣ ከዚያም ከጎረቤት ወይም ከትምህርት ቤት ጓደኛ አፍ መስማቱ ነው። እውነቱን በዕድሜው ልክ፣ ገና በልጅነቱ፣ ከሚያምነው ሰው አፍ ቢሰማ ይሻላል።

በካሊፎርኒያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት ነበር። ሦስቱ የዊልሰን ወንድማማቾች ከአጎት ልጃቸውና ከጓደኛቸው ጋር በ1961 ቢች ቦይስን አቋቋሙ። አባታቸው ሙሪ ዊልሰን ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ለልጆቻቸው በር ያንኳኩት እርሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን ቁጣቸውና ቁጥጥራቸው ስለበዛ ልጆቹ በ1964 ከሥራው አሰናበቷቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዘፈኖቹን የሚደርሰው ብራያን አውሮፕላን ውስጥ ከባድ የጭንቀት ሕመም ያዘውና ከጉዞ ሥራ ወጣ። በ1966 ከታላላቆቹ የዘመኑ ሥራዎች አንዱ የሆነውን “ፔት ሳውንድስ” አሳተመ። ይህን ሁሉ ድምፅ ያቀናበረው ሰው ቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። አባትየው በ1969 የዘፈኖቹን መብት በ700,000 ዶላር ሸጡት። ልጁ የዚያን ሽያጭ ሐዘን ለብዙ ዓመታት ተሸክሞታል።

አንድ ልጅ ተሰጥኦ ሲኖረው ወላጅ መግፋቱ ጥሩ ነው። እስከ የት እንደሚገፋ ማወቁ ግን ከመግፋቱ ይከብዳል።

ድምፁ ሲጨምር

በ1965 ሁለት ነገሮች ተለወጡ። ግጥሙ ከበደ፤ ድምፁም ጮኸ። ከሚኒሶታ የመጣው ቦብ ዲለን፣ በተራ ጊታር ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ ጦርነት ይዘፍን የነበረው፣ ሐምሌ 25 ቀን በኒውፖርት የባህል ሙዚቃ በዓል ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወጣ። ከተመልካቹ የጮኸበት አለ። የሚገርመው የአባቱ ሱቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሮክ የፍቅር ዘፈን ብቻ መሆኑ ቀረ። አሜሪካ ልጆቿን ወደ ቬትናም እየላከች ነበርና፣ ወጣቱ የሚለው ነገር ነበረው።

በነሐሴ 1965 ቢትልስ ኒውዮርክ በሺ ስታዲየም ለ55,000 ያህል ሰው ተጫወቱ። ከጩኸቱ የተነሳ ራሳቸውን አይሰሙም ነበር። በነሐሴ 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጨረሻውን የጉዞ ኮንሰርታቸውን አቅርበው ወደ ስቱዲዮ ገቡ።

ለጩኸቱ መልስ የሰጡት የለንደኑ ባለ ሱቅ ጂም ማርሻል ናቸው። እርሳቸውም በልጅነታቸው የአጥንት ነቀርሳ ይዟቸው ለዓመታት በጄሶ ታስረው ያደጉ ሰው ናቸው። ከ1962 ጀምሮ ትልልቅ የጊታር ድምፅ ማጉያ ይሠሩ ነበር፤ የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ የበለጠ ኃይል ሲጠይቃቸው 100 ዋት ሠሩለት። ታውንሸንድ በኋላ ጆሮው እንደተጎዳ በግልጽ ተናግሯል።

ይህ የድሮ ወሬ አይደለም። ዛሬ ያ ማጉያ በልጆቻችን ጆሮ ውስጥ ገብቷል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ረቂቅ ፀጉሮች አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጅ ደግሞ በ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ድምፁ 100 ዴሲቤል ከደረሰ የሳምንቱ ድርሻ በ20 ደቂቃ ያልቃል። ልጅዎ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ አጠገቡ ቆመው በተለመደ ድምፅ ሲያናግሩት ካልሰማዎት ይቀንስ። ካወለቀ በኋላ ጆሮው ጭው የሚል ከሆነ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሃያ ሰባት ዓመት

ከዘመኑ ታሪክ የሚያሳዝነው ይህ ክፍል ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1942 ሲያትል ተወለደ። እናቱ በ1958 ሞተች፤ አባቱ አል በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛለት። በ1966 ለንደን ሄዶ ዝናው ገነነ። በ1967 በሞንተሬ፣ በ1969 በውድስቶክ ተጫወተ። መስከረም 18 ቀን 1970 በ27 ዓመቱ ሞተ። የእንቅልፍ ኪኒን አብዝቶ ውጦ፣ ራሱን እንደሳተ ትውከቱ ወደ መተንፈሻው ገብቶ ነው። ጃኒስ ጆፕሊን ከ16 ቀን በኋላ በሄሮይን ሞተች፤ 27 ዓመቷ ነበር። የሮሊንግ ስቶንሱ ብራያን ጆንስ በ1969 ዋና ገንዳ ውስጥ፣ ጂም ሞሪሰን በ1971 ፓሪስ ውስጥ ሲሞቱ ሁለቱም 27 ዓመታቸው ነበር። የቢትልሱ ሥራ አስኪያጅ ኤፕስታይንም በ1967 በእንቅልፍ ኪኒን ሳቢያ ሲሞት 32 ዓመቱ ነበር።

ከእነዚህ ሞቶች አንዳንዶቹ ከመድኃኒት ሣጥን የወጡ ናቸው። የእንቅልፍ ኪኒን ከአልኮል ጋር ሲገናኝ እስትንፋስን ያደክማል። የአያት ኪኒን ኮመዲኖ ላይ ክፍት ሆኖ አይቀመጥ። ራሱን የሳተ ግን የሚተነፍስ ሰው ስታገኙ በጀርባው አትተዉት፤ በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱን ቀና አድርጉ። ወተት አታጠጡት፣ ለማስመለስም ጣት አትክተቱ። የኪኒኑን መያዣ ይዛችሁ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ጎረቤት ያበላቸው ልጆች

በነሐሴ 1969 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ማክስ ያስገር የሚባሉ የ49 ዓመት የወተት ላም አርቢ መሬታቸውን ለሙዚቃ በዓል አከራዩ። ከ400,000 በላይ ወጣት መጣ። ዝናብ ወረደ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ምግብ አለቀ። የወረዳው ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹ የእነዚያን ልጆች አለባበስ የማይወዱ፣ ዳቦና እንቁላል ሰብስበው ላኩ። ሐኪሞችና ነርሶች በሄሊኮፕተር ገቡ። የሞት አደጋ አልጠፋም፤ ግን ያን ያህል ሕዝብ ያለ ጠብ ሦስት ቀን አደረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት በተባለ ቦታ በተደረገው ኮንሰርት አንድ የ18 ዓመት ወጣት በጩቤ ተገደለ። በሚያዝያ 1970 ቢትልስ መበተናቸው ተሰማ። ዘመኑ በዚሁ ተዘጋ።

ማዕበሉ እኛም ጋ ደርሷል። አሥመራ ላይ ቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር፣ ከሙዚቃውም ጋር። አለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ኤልቪስን እየመሰለ ዘፍኗል። አምሃ እሸቴም የሸክላ ኅትመት ለአንድ ተቋም ብቻ ተፈቅዶ ሳለ በ1969 የራሱን ድርጅት ከፍቶ የእርሱንና የሌሎችን ሸክላ አወጣ። ዛሬ በናፍቆት የምንሰማቸውን እነዚያን ዘፈኖች የዚያን ጊዜ ወላጆች በሙሉ ደስ ብሏቸው አልሰሟቸውም።

ለአያቶች አንድ ታሪክ ልጨምር። የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ በልጅነቱ አያቱን ጋስ ዱፕሪን ሊጠይቅ ይሄድ ነበር። ጋስ የዳንስ ሙዚቃ ቡድን የነበራቸው ሰው ናቸው። አንድ ጊታር ፒያኖው ላይ፣ ልጁ በማይደርስበት ከፍታ፣ ተቀምጦ ያያል። አያቱ እንዲነካው አልገፉትም፣ አልከለከሉትምም። እጁ ሲደርስ አውርደው አስያዙት፣ የመጀመሪያውን ዜማም አስተማሩት። ኪት ጊታሩ ሁልጊዜ እዚያ የሚቀመጥ ይመስለው ነበር። አያቱ ከሞቱ በኋላ ነው፣ ጊታሩ ከሣጥኑ የሚወጣው እርሱ ሊመጣ ሲል ብቻ እንደነበር የሰማው። በ2014 ስለ አያቱ የልጆች መጽሐፍ አሳተመ፤ ሥዕሎቹን የሣለችው ልጁ ናት።